ወደ መካነ ኢየሱስ ያደረግነው ጉዞና የወሰን ነገር

ሰው የርስቱን ወሰን ጠንቅቆ ካላወቀ ጎረቤቱ ያውቅለታል፤ ጎረቤት ያወቀለት ወሰን ግን እያደር ወደ ውስጥ የሚገባ እንጂ ወደ ውጭ የሚሰፋ አይደለም። ይህ ነገር አንድ ጥማድ መሬት ላለው ባላገር እውነት እንደ ሆነ ሁሉ ባሕርና ወንዝ፥ ቆላና ደጋ ላለው መንግሥትም እውነት ነው። የመንግሥታትን የወሰንና የቀረጥ ክርክር ከውል መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ትርጓሜው ደኅና አድርጎ የገባን ግን በቀድሞው በጌምድር፥ በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ባየነው የባላገር ሽምግልና ነው። ስለዚህ ያየነውን ከምናውቀው ታሪክ ጋራ አስተባብረን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ጉዟችን የተጀመረው ከደብረ ታቦር ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበረ፤ ዝናሙ አባርቶ፥ ሰማዩ ጠርቶ፥ የጧቱ ብርድ ጋቢ የሚያስደርብ ነበረ። ከከተማው ሳንወጣ ግን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። በዚሁ በጥቅምት ወር፥ በ17ኛው ቀን 1872 ዓ.ም. የሱዳን ጠቅላይ ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ጎርዶን፥ ከግብጹ ኬዲቭ ከተውፊቅ ተልኮ፥ ከምጽዋ ተነሥቶ፥ ተራራውን ሁሉ በበቅሎ አቋርጦ ከንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ ደብረ ታቦር ገብቶ ነበረ። የመጣበትም ምክንያት የወሰንና የበር ነገር ነው። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ሁለት ጊዜ ድል ተመትተው ሳለ ቦጎስን አልለቀቁም፤ ምጽዋም በእጃቸው ስለ ነበረች የኢትዮጵያ ነጋዴ ያለ እነርሱ ፈቃድና ያለ እነርሱ ቀረጥ ወደ ባሕር ሊደርስ አይችልም ነበረ።

የዚያን ዘመን ነጋዴ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ይረዳዋል። ከጎጃም ከባሶ ገበያ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ዐባይን ተሻግሮ፥ በደሪጣና በይፋግ አልፎ፥ ጎንደርን ነክቶ እስከ ምጽዋ ሲወርድ በየወንዙና በየበሩ ኬላ አለበት። በረኛው ሸክሙን ይቈጥራል፤ ከጨውም ከብርም ከዕቃውም ይቀበላል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ከባሕሩ ዳር ሲደርስ ደግሞ የባዕድ ኬላ ይጠብቀዋል። የአገር ውስጡ ኬላ ቢከብድ ለገዥ አቤት ይባልበታል፤ የባዕዱ ኬላ ግን አቤት የሚባልበት የለውም። ዐፄ ዮሐንስም ለጎርዶን መተማና ቦጎስ እንዲመለሱ፥ ዙላና አምፊላ የሚባሉት የባሕር በሮች እንዲሰጡ፥ ጳጳስ ከእስክንድርያ እንዲላክ፥ የጦር ካሳም እንዲከፈል የጠየቁት ስለዚህ ነው። ጎርዶን ይህን ሁሉ ሊሰጥ ሥልጣን አልነበረውም፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጥቂት ነገር ሊሸነግሉ አልወደዱም። መልእክተኛው ከጥቂት ቀን በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሊያልፍ ጀምሮ ሳለ ተይዞ እንደ ገና በመጣበት በምጽዋ መንገድ እንዲወጣ ተደረገ።

ይህ ክርክር ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሬ ያፈራ መሰለ። በግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ውል የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፥ በምጽዋም በር የኢትዮጵያ ዕቃ፥ የጦር መሣሪያም ጭምር፥ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማማ። ኢትዮጵያም በበኩሏ በመሐዲስቶች የተከበበውን የግብጽ ጦር በአገሯ አሳልፋ ለማውጣት ቃል ገባች፤ ቃሏንም ፈጸመች። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፥ በጥር ወር 1877 ዓ.ም.፥ ኢጣልያኖች ምጽዋን ያዙ፤ እንግሊዝም አልከለከለቻቸውም። በወረቀት ላይ የተከፈተው በር በሰይፍ ተዘጋ። እኛም ይህን እያሰብን ደብረ ታቦርን ወደ ኋላችን ትተን ወደ ደቡብ አቀናን።

የጉና ተራራ በስተ ግራችን ነበረ። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አገር ሁሉ ሲጠራ እንኳ እርሱ ከራሱ ላይ የደመና ጥምጥም አይለየውም። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ ፈሳሾች ደግሞ ባሕሩን ሳያዩ በየገደሉ ቀጥታ ወደ ዐባይ ይጣደፋሉ። በእስቴ ምድር የሚወርድ ጠብታ በዚህም ቢዞር በዚያም ቢዞር መድረሻው ዐባይ ነው። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

መካነ ኢየሱስ ማለት የኢየሱስ ስፍራ ማለት ነው፤ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። የደረስነው በገበያ ቀን ነበረና መንገዱ ሁሉ በአህያና በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ገብሱ፥ ስንዴው፥ ጤፉ፥ ድንቹ በየጆንያው ተደርድሯል። ማር ሻጩ የማሩን እንስራ በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ዝንብ ይከላከላል። ሴቶቹ በየጥላው ተቀምጠው በርበሬና ጌሾ ይሰፍራሉ። ከዚህ ቦታ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ብዙ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ባሕሩም ከዚያ የራቀ ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ ሰው ይህን አገር አይቶ የመንግሥታት የወሰን ክርክር እዚህ ድረስ አልመጣም ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ያሳደሩን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። እራት ከበላን በኋላ ስለ ጉዟችን ጠይቀውን የድሮ ውሎችን ነገር እንደምንከታተል ብንነግራቸው ፈገግ ብለው፦ «እንግዲያስ ልጆቼ፥ ነገ ከኔ ጋራ ውጡ፤ እኛም የወሰን ጉባኤ አለብን» አሉን። በማግሥቱ ጧት ተከትለናቸው ወጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ተካፍለው ሲያርሱ ኖረው ታላቅየው ሞተ። ሚስቱ ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋራ ቀረች። በክረምቱ ጎርፍ የወሰኑን ድንጋይ ስለ ወሰደው ታናሽ ወንድምየው ሲያርስ አራት ትልም ወደ ሴቲቱ መሬት ገባ። እርሱ አልገባሁም ይላል፤ እርሷ ገብቷል ትላለች። አራት ትልም ለባለጠጋ ምንም አይደለም፤ ለባልቴት ግን የልጅ ቀለብ ነው። ደግሞም የዘንድሮው አራት ትልም ለከርሞ ስምንት እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል።

ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ሲቀመጡ ሰውየው ከነምስክሮቹ ቀድሞ ደርሶ ነበረ፤ ሴቲቱ ግን ገና አልመጣችም። እርሱም ተነሥቶ፦ «አባቶቼ፥ ቀኑ እንዳይመሽባችሁ፤ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምስክሮቼ አሉ፤ ድንጋዩንም ይዤ መጥቻለሁ፤ እንትከለውና እርሷ ስትመጣ እንነግራታለን» አለ። ይህን ያለው በትሕትና ነው፤ ድምፁም ለስላሳ ነበረ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፥ ዓይናቸው የደከመ አንድ አባት ግን በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፦ «ልጄ፥ ባለቤት በሌለበት የተተከለ ድንጋይ ድንጋይ እንጂ ወሰን አይባልም፤ ተቀመጥ» አሉት። እርሱም ተቀመጠ።

ሴቲቱ አንድ ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ልጇን አስከትላ፥ የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ መጣች። የአራቱ ማዕዘን አዋሳኞች ተጠሩ። ሽማግሌዎቹ መሬቱን በእግራቸው ዞሩት፤ ባለመሬቱን ሁሉ እየጠየቁ በገመድ ለኩ። በመጨረሻም ሦስቱ ትልም ለሴቲቱ እንዲመለስ፥ አራተኛው ግን ከጥንትም የሰውየው እንደ ነበረ አዋሳኞች ስለ መሰከሩ ለርሱ እንዲቀር ፈረዱ። ሴቲቱ በአራተኛው ትልም ቅር አላት፤ ቢሆንም ተቀበለች። ድንጋዩ ሲተከል ሰውየው ሊያነሣው ቢጎነበስ እኒያው አባት ከለከሉትና፦ «ልጁ ይትከለው፤ እኛ እናልፋለን፤ ኋላ ምስክር የሚሆነው እርሱ ነው» አሉ። ልጁ ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ እየተንገዳገደ ወስዶ ከጉድጓዱ አኖረው፤ አጎቱ አፈሩን ጠቀጠቀለት። ከዚያ በኋላ ዳቦ ተቈረሰ፤ ጠላ ተቀዳ፤ ሰውየውና ሴቲቱም ከአንድ ሞሰብ በሉ።

ከዚያ ቦታ ተሰናብተን በማግሥቱ በአንዳቤት በኩል ወደ ዐባይ ቁልቁለት ወረድን። ደጋው እየራቀ፥ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ በመጨረሻ የወንዙ ድምፅ ተሰማን። ከዚያ ያለው የጥንት ድልድይ ሰባራ ድልድይ ይባላል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሲሆን በጌምድርን ከጎጃም፥ እስቴን ከሞጣ ያገናኝ ነበረ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የመካከሉ ቅስት ስለ ተሰበረ እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ በስብራቱ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ተሻጋሪው ሁሉ ወገቡን በገመድ እየታሰረ፥ ከዚህ ማዶ ያሉት እየለቀቁ፥ ከዚያ ማዶ ያሉት እየሳቡ፥ ከጥልቁ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበረ። በ1994 ዓ.ም. በስብራቱ ላይ የብረት መሻገሪያ ተደርጎለት ነበረ፤ እርሱንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ከውሃው ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ሌላ ድልድይ ተሠራ። እኛ ከድንጋዩ ቅስት ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ውሃው የእስቴንና የጎጃምን አፈር ይዞ ጠቁሮ ይሄዳል፤ ማንንም አይጠይቅም።

እዚያ ቆመን ሳለን ያሰብነው በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሃሪንግቶን መካከል የተደረገውን ውል ነው። ያ ውል በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን የወሰነ ነው። ሻለቃ ግዊን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማግሥቱ ዓመት ምልክቱን በምድር ላይ አኖረ። የበጌምድር ንግድ በር የሆነው የመተማ ገበያ፥ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ያ ምድር፥ ከሁለት ተከፈለ፤ ከወንዙ በዚህ ማዶ ያለው መተማ፥ በዚያ ማዶ ያለው ገላባት ተብሎ ቀረ። በውሉም ውስጥ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ላይ፥ በኢታንግ አጠገብ፥ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ይኸውም በጋምቤላ ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ነው።

ለእስቴ ሰው የሚበልጠው ግን የውሉ ሦስተኛው ክፍል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቁር ዐባይ፥ በጣና ባሕርና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያስቀር ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ እንዳይሠሩ፥ ለሌላም እንዳይፈቅዱ ቃል የገቡት በዚህ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የውሃውን መፍሰስ ስለ ማገድ ሲናገር የአማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለ መድፈን ይናገራል። ወንዝን ከዳር እስከ ዳር መድፈንና ከወንዝ ውሃ ጠልፎ እርሻ ማጠጣት አንድ ነገር እንዳይደለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከውጫሌ ውል ወዲህ የሁለት ቋንቋ ነገር ለአገራችን አዲስ አልነበረም። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተጻፈው በዚያ ውል በ17ኛው ክፍል አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ስለ ተገኘ ከዚያ የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷል። እቴጌ ጣይቱም ይህን ነገር ከማንም በላይ አጥብቀው መከራከራቸው የታወቀ ነው።

ከ1894 ዓ.ም. በኋላ ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሎንዶን ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ። ባለቤቱ አልተጠሩም፤ የጻፉትን ግን ልከውላቸዋል። እንግሊዝ የዐባይን ተፋሰስ፥ ፈረንሳይ የምድር ባቡሩን መስመር፥ ኢጣልያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማልያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኝ ምድር ጥቅሜ ነው አሉ። ዳግማዊ ምኒልክም ስለ ማስታወቃቸው አመስግነው ነገሩ የራሳቸውን የመንግሥትነት መብት ምንም እንደማይቀንስ ገልጠው መለሱ። መልሳቸው አጭር ነበረ፤ ግን እንደ ሽማግሌው በትር ከመሬት ላይ መታ የሚያደርግ ነበረ።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ በሮም የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ግራሃምና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ኢጣልያ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ፥ ከሱዳን ወሰን እስከ ባሕሩም የአውቶሞቢል መንገድ እንድታወጣ ከኢትዮጵያ ዘንድ እንድትደግፋት፥ እንግሊዝም በበኩሏ ኢጣልያ ከኤርትራ እስከ ሶማልያ ባቡር እንድትዘረጋ እንድትደግፋት፥ የኢትዮጵያንም ምዕራብ ክፍል ለኢጣልያ ብቻ የተለየ የንግድ ጥቅም ምድር እንደ ሆነ እንድታውቅላት ተስማሙ። ጣናም፥ ጉማራም፥ ርብም፥ እኛ የቆምንበት ይህ ገደልም ከዚያ ደብዳቤ ውስጥ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ገብስ የሚሰፍረው ገበሬ ሮም በምትባል ከተማ ስለ ውሃው ደብዳቤ መጻፉን ማን ይነግረዋል?

ነገር ግን ኢትዮጵያ በመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበረና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነገሩን በሰሙ ጊዜ በሰኔ 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ አቤቱታቸውን ጻፉ። ስለ አገራችን ሁለት መንግሥታት ያለ እኛ መስማማታቸው ከማኅበሩ ቃል ኪዳን ጋራ እንዴት ይገጥማል ብለው ጠየቁ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው መልስ ሊሰጡ ተገደዱ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልኮ ከኒውዮርኩ ጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋራ ስለ ጣና ግድብ መነጋገሩ ሲሰማ ሎንዶን ደነገጠ። ኢትዮጵያ ለባሕሯ ሌላ መሐንዲስ ልትመርጥ እንደምትችል ታየ። ይህም ሥራ የኢጣልያ ወረራ በ1928 ዓ.ም. ስለ ደረሰ ሳይፈጸም ቀረ።

ስለ ቀረጥና ስለ ዳኝነትም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ወሰን በምድር ላይ ብቻ የሚሰመር አይደለምና። በጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋራ በተደረገው ውል ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከመቶ 10፥ በወይንና በመሳሰለው መጠጥ ላይ ከመቶ 8 በላይ ቀረጥ እንዳታስከፍል ተወሰነ። የፈረንሳይ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ በቆንሲላቸው ዘንድ እንዲዳኙ፥ ከኢትዮጵያዊ ጋራ ሲከራከሩም ቆንሲሉ ከችሎቱ እንዲቀመጥ ሆነ። ሌሎቹም መንግሥታት ይህንኑ ጥቅም ለራሳቸው ያዙ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ላይ ቆሞ የኢትዮጵያ መሬት ሳለ የኢትዮጵያ ዳኛ ብቻውን የማይፈርድበት ሰው፥ በኢትዮጵያ በር ሲገባም የኢትዮጵያ መንግሥት እንደ ፍላጎቱ የማይቀርጠው ዕቃ ተገኘ። የባሶው ነጋዴ በየኬላው ሲከፍል የማርሴይ ነጋዴ በውል ተጠብቆ ነበረ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ስምምነት የውጭ አገር ሰው ሁሉ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ተወሰነ። በመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ዳኞች ከችሎቱ ቢቀመጡም ያ የዳኝነት ወሰን ቀስ በቀስ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

የውሃው ወሰን ግን ከዚያም በኋላ ቆየ። በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝ ስለ ሱዳን ሆና ከግብጽ ጋራ፥ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳንና ግብጽ ራሳቸው ስለ ዐባይ ተዋዋሉ። በሁለተኛው ውል ለግብጽ 55.5፥ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለየዓመቱ ተመደበ። የውሃው አብዛኛ ክፍል፥ ከመቶ 85 የሚያህለው፥ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በሁለቱም ጊዜ አልተጠራችም። ታናሽ ወንድምየው ድንጋዩን ይዞ «እርሷ ስትመጣ እንነግራታለን» እንዳለው ያለ ነው።

አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንወደው ሌላ ነገር አለ። እነዚያ የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌዎች ሴቲቱ ስለ ተበደለች አራቱንም ትልም አልሰጧትም። የራሷ የሆነውን ሦስቱን መለሱላት፤ የርሱ የሆነውን ለርሱ አስቀሩለት። ዐባይንም የሚጠጡት ብዙዎች ናቸው። የካርቱም ገበሬና የግብጽ ፈላህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ ውሃ ነው፤ ይህን ኢትዮጵያ አልካደችም። የኢትዮጵያ ክርክር ውሃው ሁሉ የኔ ነው የሚል ሳይሆን ከወይራው ሥር ስትቀመጡ እኔም ልጠራ የሚል ነበረ። በመጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፥ የሱዳንና የግብጽ መሪዎች በካርቱም ከአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ያ ጥሪ በብዙ ዘመን መዘግየት ደረሰ። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የዐባይ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ክርክሩ በዚህ አበቃ ማለት አይደለም፤ ጎረቤት እስካለ ድረስ ወሰንም የወሰን ነገርም አይቀርምና። ቢሆንም ባለቤቱ ከጉባኤው ቀርቧል።

ከሰባራው ድልድይ ወደ መካነ ኢየሱስ ስንመለስ በመሸ ጊዜ በዚያ መሬት አጠገብ አለፍን። ልጁ በጎቹን ወደ ቤት እየነዳ ነበረ። ከአዲሱ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቆመና ልቡን እንዲያርፍለት ይሆን በእግሩ ገፋ አድርጎ አየው፤ ድንጋዩ አልተነቃነቀም። ልጁም በጎቹን ተከትሎ ሄደ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን የአገራቸውን ወሰን ከካርታ ላይ ስታስተምሩ መስመሩን ብቻ አታሳዩአቸው። ያ መስመር መቼ ተሰመረ? ሲሰመር እነማን ነበሩ? ማን ሳይጠራ ቀረ? በየትኛው ቋንቋስ ተጻፈ? ብላችሁ ጠይቁአቸው። ድንጋዩን በገዛ እጁ የተከለ ልጅ ከጎረቤቱ መሬት አይገፋም፤ የራሱንም አያስገፋም።